ያለ ነበልባል የተሠራ ቁሌት

በእኛ ቤት የምድጃ ብቃት የሚለካው በቁሌት ነው። ውኃ ማፍላትና ፓስታ መቀቀል ለማንኛውም ምድጃ ቀላል ሥራ ነው፤ ሦስት ኪሎ ቀይ ሽንኩርት ያለ ዘይት፣ ሳያርና ሳይጠቁር፣ ውኃ ጠብ እየተደረገበት ለዶሮ ወጥ እስኪደርስ ድረስ ማቁላላት ግን ሰዓታት የሚዘልቅ እኩል ሙቀት ይጠይቃል። ስለዚህ በ2017 ዓ.ም. የቡታጋዝ ምድጃችንን በኢንዳክሽን፣ ማለትም ነበልባል በሌለው የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ ለመተካት ስንነሳ ያሳሰበኝ የመብራት ሒሳቡ ሳይሆን ይኸው ቁሌት ነበር።

ለውጡን ያስጀመረው አንድ ሌሊት ነው። የምንኖረው በኮንዶሚኒየም ሲሆን ሲሊንደሩ የሚቀመጠው ከጠባቡ ማዕድ ቤት ጥግ ነበር። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ እናቴ ጋዝ ሸትቷት ቀሰቀሰችኝ፤ ጎማው ከሲሊንደሩ አፍ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ተሰንጥቆ ነበር። ቡታጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ወደ ላይ ከመውጣት ይልቅ ወለሉ ላይ ይተኛል፤ ልጆቹም በዚያው ደረጃ በፍራሽ ላይ ተኝተው ነበር። ሲሊንደሩን ዘግተን፣ መብራት ሳናበራ በርና መስኮት ከፍተን እስኪነጋ ተቀመጥን። ጎማው በማግስቱ ተቀየረ፤ እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ሲሊንደሩን ሁለት ጊዜ ሳልፈትሽ ተኝቼ አላውቅም።

ኢንዳክሽን ምድጃ ከተለመደው የኤሌክትሪክ ስቶቭ የሚለየው ራሱ የማይግል በመሆኑ ነው። ከመስተዋቱ ሥር የተጠመጠመ የመዳብ ሽቦ አለ፤ በእርሱ ውስጥ በሰከንድ ከሃያ ሺህ ጊዜ በላይ አቅጣጫውን የሚቀያይር ኤሌክትሪክ ሲያልፍ መግነጢሳዊ መስክ ይፈጠራል፤ መስኩም በድስቱ መቀመጫ ውስጥ ሌላ የኤሌክትሪክ ፍሰት ይቀሰቅስና ድስቱ ራሱ ይግላል። የዚህ ሁሉ መነሻ እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ማይክል ፋራዳይ እ.ኤ.አ. በ1831 ያገኘው የተፈጥሮ ሕግ ነው። እናቴ መጀመሪያ ቀን ምድጃውን ከበርካታ አቅጣጫ ተመልክታ «እሳቱ የታለ?» ስትለኝ፣ ድስቱ ነው እሳቱ ብዬ መለስኩላት፤ መልሱም ትክክለኛ ነበር።

ድስቱ እሳቱ ከሆነ፣ የተገኘው ድስት ሁሉ እንደማያገለግል መረዳት ይገባል። እዚህ ላይ ቋንቋችን ራሱ ያሳስታል። ብረት ድስት የምንለው፣ በየቤቱ ያለው ቀላሉና ነጣ ያለው ዕቃ፣ በአብዛኛው ከአሉሚኒየም የተሠራ ስለሆነ ኢንዳክሽኑ ላይ ቢቀመጥ ምድጃው ጮኾ ይጠፋል። መፈተኛው ቀላል ነው፤ ማግኔት ከድስቱ መቀመጫ በታች ይደረጋል፤ አጥብቆ ከያዘ ይሠራል፣ ከወደቀ አይሠራም። ከማቀዝቀዣው በር ላይ ማግኔት አንሥቼ ያሉንን ድስቶች በሙሉ ስፈትሽ ከዘጠኙ ያለፉት ሦስት ብቻ ነበሩ። ስቴንለስ ተብለው ከተገዙት ውስጥም ማግኔት የማይዘው አንድ ተገኘ፤ ስቴንለስ የሚባለው ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለምና። ያስደሰተኝ የእናቴ አሮጌ የኢናሜል ድስት ነው፤ ውስጡ ቆርቆሮ ብረት በመሆኑ ማግኔቱን ጠፍሮ ያዘው። ምድጃ ከመግዛቱ በፊት ማግኔት ይዞ ማዕድ ቤትን መዞር ብዙ ወጪ ያድናል፤ እኛ ግን ከገዛን በኋላ አደረግነው።

ቀጥሎ የሽቦው ጉዳይ መጣ። 2000 ዋት የሚስብ ምድጃ በ220 ቮልት ዘጠኝ አምፔር ያህል ይወስዳል። ይህን ጭነት በቀጭን ማከፋፈያ ላይ ከማቀዝቀዣና ከውኃ ማፍያ ጋር መደርደር እሳት መጥራት ነው። የኤሌክትሪክ ባለሙያ አስመጥተን ከቆጣሪው ሥር ካለው ብሬከር በቀጥታ የሚመጣ፣ 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ የተዘረጋበት ራሱን የቻለ ሶኬት አሠራን። ከምድጃው በእጅጉ የበለጠ ኃይል የሚስበውን የእንጀራ ምጣድ ደግሞ ከእርሱ ጋር በአንድ ጊዜ አንለኩስም።

አሁን ወደ ቁሌቱ ልመለስ። የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ። ሽንኩርቱን በለመድኩት መንገድ በዝግታ ለማቁላላት ብዬ ምድጃውን 400 ዋት ላይ ባደርገው ለጥቂት ሰከንድ ጸጥ ይልና ድንገት በኃይል ይነሣል፤ ከመሀል ያለው ሽንኩርት ጠቆረ፣ ዳር ያለው ጥሬውን ቀረ። በኋላ እንደተረዳሁት፣ ርካሾቹ ምድጃዎች በዝቅተኛ ደረጃ ላይ ሙቀታቸውን የሚቀንሱት በትክክል እየደከሙ ሳይሆን እየበሩና እየጠፉ ነው። መፍትሔው ሁለት ነገር ሆነ። አንደኛ፣ መቀመጫው ወፍራም የሆነ ድስት ገዛን፤ ውፍረቱ ሙቀቱን አቅፎ ስለሚይዝ የምድጃውን መብራትና መጥፋት ሽንኩርቱ አያውቀውም። ሁለተኛ፣ ምድጃው ሳይቆራረጥ የሚሠራበትን ዝቅተኛ ደረጃ ፈለግሁ፤ በእኛው ላይ 1000 ዋት ሆኖ ተገኘ። በዚያ ላይ አድርጌ፣ ውኃውን ቀድሞ ከለመድኩት ቶሎ ቶሎ ጠብ እያደረግሁ ሳማስለው ሽንኩርቱ ከዳር እስከ መሀል አንድ ዓይነት መልክ ይዞ ቀለጠ። በርበሬው ሲገባ ጥቅሙ ይበልጥ ታየኝ፤ ቡታጋዝ ላይ ነበልባሉ የድስቱን ጎን እየላሰ ከጠርዙ የተለጠፈውን በርበሬ ያሳርረው ነበር፤ እዚህ ግን ሙቀቱ ከሥር ብቻ ስለሆነ ጠርዙ ንጹሕ ነው። ለትንሣኤ የሠራነውን ዶሮ እናቴ ቀምሳ ስለ ምድጃው ምንም አላለችም፤ ጨው ጨምሪ አለችኝ እንጂ። ለእኔ ከዚያ የበለጠ ምስክርነት አልነበረም።

ስለ ወጪው ባጭሩ ልናገር። ቤታችን ያለው ሲሊንደር 12.5 ኪሎ ግራም ይይዛል፤ ይህም ሲነድ ወደ 159 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚጠጋ ሙቀት ይሰጣል። ከነበልባሉ ሙቀት አብዛኛው ግን በድስቱ ጎን አልፎ ማዕድ ቤቱን ነው የሚያሞቀው። አርባ በመቶው ድስቱ ውስጥ ይገባል ብንል እንኳ፣ ኢንዳክሽን ከሚስበው ሰማንያ አምስት በመቶ ያህሉን ለድስቱ ስለሚሰጥ ያንኑ ሥራ በ75 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይጨርሰዋል። ይህን ቁጥር በሚከፍሉት የመብራት ታሪፍ አባዝቶ አንድ ሲሊንደር ለማስሞላት ከሚወጣው ጋር ማስተያየት ይቻላል፤ ታሪፉ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር በእርከን ከፍ እንደሚል ግን መርሳት አይገባም። ስለ ፍጥነቱም ካነሣሁ፣ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ በመሆኗ ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ሁለት ሊትር ውኃ በሙሉ ኃይል ከስድስት እስከ ሰባት ደቂቃ ይበቃዋል።

ያልተፈታ ነገር አለ። ሸክላ በኢንዳክሽን አይሠራም። ሽሮን በሸክላ ድስት ማንተክተክ የለመደ ሰው ቅሬታው እውነተኛ ነው። ከሸክላው ሥር የሚደረግ የብረት ሳህን ሞክሬ ነበር፤ ሳህኑ ከመጠን በላይ እየጋለ ሸክላው ሳይሞቅ ስለቆየ ተውኩት። ጀበናውም ወደ ከሰል ተመልሷል፤ የከሰል ጭስ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሰው ስለሚገድል ቡናው የሚፈላው በረንዳ ላይ ነው። መብራት በሄደ ጊዜ ደግሞ ኢንዳክሽኑ እንደ ጠረጴዛ መስተዋት ከመሆን አያልፍም። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በ5150 ሜጋ ዋት አቅም ተመርቋል፤ የሰፈራችን መብራት የሚጠፋው ግን በሰፈሩ መስመር ምክንያት ነው፤ ዝናብ ሲጥል ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ ሲሊንደሩን አልሸጥነውም፤ አዲስ ጎማ ተገጥሞለት፣ አፉ ተዘግቶ፣ ነፋስ በሚያገኘው በረንዳ ላይ ከአንዲት ባለ አንድ ዓይን ምድጃ ጋር ተቀምጧል።