«ቋንቋ» ከሚለው ርእስ ሥር

ባለፈው ሰሞን በጣና ዳርቻ የሚኖር አንድ የነገደ ወይጦ ተወላጅ ወጣት፣ ሽማግሌዎቹ ለክልሉ ምክር ቤት ሊያቀርቡት ያሰቡትን የማንነት እውቅና ማመልከቻ ረቂቅ ይዞ ባሕር ዳር ወደሚገኘው ቤቴ መጣ። «ጋሼ፣ ሕግ የተማረ ሰው ይየው ብለው ልከውኝ ነው» አለኝ። ረቂቁ ስለ ደንገል ታንኳ፣ ስለ ወፍጮ ድንጋይ ሥራና ስለ ስፌት፣ እንዲሁም አባቶቻቸው ጉማሬ አድነው ሥጋውን በመብላታቸው ከጎረቤት ስለደረሰባቸው መገለል በሰፊው ያትታል። «ቋንቋ» ከሚለው ርእስ ሥር ግን አንድም ቃል አልተጻፈም።

ባዶው ቦታ የተተወው በስንፍና አይደለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 39 ንኡስ አንቀጽ 5 ብሔር፣ ብሔረሰብ ወይም ሕዝብ የሚለው የጋራ ባህል ወይም ተመሳሳይ ልምዶች፣ የሚግባባበት የጋራ ቋንቋ፣ የጋራ ወይም የተዛመደ ህልውና አለን የሚል እምነት እንዲሁም የሥነ ልቦና አንድነት ያለውን፣ በአብዛኛውም በተያያዘ መልክዓ ምድር የሚኖረውን ማኅበረሰብ ነው። (ኑሮው ከባሕር ዳር እስከ ደንቢያ በሐይቅ ዳር የተበተነ ሕዝብ «መልክዓ ምድሩ» ውኃው ራሱ መሆኑን የትርጓሜው አርቃቂዎች ያሰቡት አይመስለኝም።) ነገደ ወይጦዎች የቀድሞ ቋንቋቸውን ካጡ ቆይተዋል፤ በሃያኛው ምዕተ ዓመት የመጀመሪያ አጋማሽ ወደ ጣና የመጡ አጥኚዎች እንኳ ሲናገሩ የሰሟቸው አማርኛ ነበር። አማርኛም የጋራ መግባቢያ ነውና በፊደሉ ካየነው መስፈርቱ ተሟልቷል ብሎ መከራከር ይቻላል። ነገር ግን መስፈርቱ በተግባር የሚነበበው «የራሳችሁ የሆነ፣ ከሌላው የሚለያችሁ ቋንቋ አለን?» ተብሎ ነው። ያኔ የዘመናት ንቀትና መገለል ያስከተለው ጉዳት ራሱ፣ ማንነታቸው የለም ለማለት ማስረጃ ሆኖ ይቀርባል።

የስልጤን ጉዳይ የምናስታውሰውም ለዚህ ነው። የፌዴሬሽን ምክር ቤት ጥያቄውን የስልጤ ሕዝብ ራሱ እንዲወስን አድርጎ፣ በ1993 ዓ.ም. በተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ ስልጤ ከጉራጌ የተለየ ማንነት እንዳለው ታውቋል። ውሳኔውን ለባለቤቱ መስጠቱ ትልቅ ነገር ነበር፤ ስልጤ ግን ቋንቋውን ይዞ ነው የቀረበው። በአማራ ክልልም በ1994 ዓ.ም. ተሻሽሎ የወጣው ሕገ መንግሥት የብሔረሰብ አስተዳደር ያጸናላቸው ሂምራ፣ አዊና ኦሮሞ የየራሳቸው ቋንቋ አላቸው።

እውቅናው ለስም ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባላስጨነቀ ነበር። በአንቀጽ 61 መሠረት እያንዳንዱ ብሔር፣ ብሔረሰብና ሕዝብ በፌዴሬሽን ምክር ቤት ቢያንስ አንድ ወኪል ይኖረዋል፤ ለተጨማሪ አንድ ሚሊዮን ሕዝብም አንድ ይጨመርለታል። በአንቀጽ 54 ደግሞ ቁጥራቸው ከ550 ከማይበልጠው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫዎች ውስጥ ከ20 የማያንሱት የአናሳ ብሔረሰቦች ናቸው። ምርጫችን አብላጫ ድምፅ ያገኘውን የሚያሳልፍ በመሆኑ፣ በየሰፈሩ በጥቂት ቤተሰብ ተበትኖ የሚኖር ሕዝብ በመደበኛው መንገድ መቼም አንድ ሰው አያስመርጥም። ስለዚህ ወደ ምክር ቤት የሚያስገባው በር ያ ትርጓሜ ብቻ ነው።

ወጣቱ ኖርዌይ ያሉትን፣ ሳሚ የሚባሉ አናሳ ሕዝቦች ጠቀሰልኝ፤ አንብቦ መምጣቱ ደስ አሰኘኝ። እዚያ ለሳሚ ምክር ቤት መራጭ ለመሆን ሳሚ ነኝ ብሎ ማመን፣ በተጨማሪም ራስ ወይም ከወላጅ፣ ከአያት፣ ከቅድመ አያት አንዱ ቋንቋውን በቤት የተናገረ መሆኑ ይበቃል። ሕጉ የጠፋን ቋንቋ ሦስት ትውልድ ይታገሣል ማለት ነው፤ ለነገደ ወይጦ ግን ይህም ሳያጥር አይቀርም። ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው የኒውዚላንድ አካሄድ ይመስለኛል። የአገሩ ቀደምት ሕዝብ የሆኑት ማኦሪዎች ከ1867 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በፓርላማው የተለዩ መቀመጫዎች አሏቸው፤ ቀድሞ በደም መጠን ይለካ የነበረውን ማንነት የ1975ቱ ሕግ ወደ ትውልድ ሐረግ ለውጦ፣ በማኦሪ ወይስ በአጠቃላዩ የመራጮች መዝገብ እንደሚመዘገብ ምርጫውን ለባለቤቱ ተወለት። በቋንቋ የሚፈተን የለም።

ሽማግሌዎቹ ረቂቁ ውስጥ «ነባር ሕዝብ» የሚለውን ቃል በየገጹ አስገብተውታል፤ እዚህ ላይ ግን አልተስማማሁም። «አገር በቀል» የምንለው ዛፍንና እውቀትን ነው፤ ሰውን «ነባር» ካልን ወዲያው «መጤ» የሚባል ሌላ ሰው ይፈጠራል። የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ሕገ መንግሥት አምስት ብሔረሰቦችን የክልሉ ባለቤት ብሎ በስም ጠርቷል፤ በዚያው ክልል በ1992ቱ ምርጫ ዕጩዎች የአካባቢውን ቋንቋ አታውቁም ተብለው ታግደው፣ የፌዴሬሽን ምክር ቤት በ1995 ዓ.ም. ሊጠየቅ የሚገባው የክልሉ የሥራ ቋንቋ፣ ማለትም አማርኛ፣ መሆኑን እስኪወስን ድረስ ክርክሩ ቀጥሎ ነበር። የአፍሪካ የሰብአዊና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን በዚህ ረገድ ጥንቃቄ አድርጓል። በአፍሪካ ቃሉ ማን ቀድሞ ሰፈረ የሚለውን እንደማይመለከት፣ ይልቁንም ኑሮው ከመሬቱና ከውኃው ጋር የተቆራኘና የተገለለ ሕዝብን ሁኔታ እንደሚገልጽ አስረድቷል። በዚህ ፍቺ ከሆነ የነገደ ወይጦ አቤቱታ ማንንም መጤ ሳያሰኝ ይቆማል፤ በከተማው መስፋፋት የደንገሉ ዳርቻ መጥበቡም የማመልከቻው ዋና ነጥብ ይሆናል።

«ታዲያ ባዶውን ቦታ ምን እናድርገው?» አለ ወጣቱ። አማርኛ ብላችሁ ጻፉ፣ ቀጥሎም የቀድሞው ቋንቋችሁ እንዴት እንደጠፋ ጻፉ አልኩት። ትንሽ አሰበና፣ አያቱ ታንኳ ስታስር ብቻ የምትጠራቸው ጥቂት ቃላት እንዳሉ፣ ከቤተሰቡ በቀር የሚረዳቸው ሰው ገጥሞት እንደማያውቅ ነገረኝ። ደብተር ይዞ ወደ እሷ እንዲሄድ ተስማማንና ረቂቁ እኔ ዘንድ ቀረ።