ሐረር ለጥልፍ

ድሬ የሚኖር ሰው ሐረር የሚወጣው ወይ ለሰርግ ነው ወይ ለለቅሶ። እኔ ግን ለጥልፍ ወጣሁ። ክሮስ ስቲች የሚባለውን፣ ክሩ በ‹ኤክስ› ቅርጽ እየተደረደረ ሥዕል የሚሆነውን ማለቴ ነው። ለሳሎኔ የሚሆን ንድፍ ኢንተርኔት ላይ ብፈልግ ብፈልግ የሚወጣው የአውሮፓ ጎጆና በረዶ ብቻ ሆነብኝ። 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ሐረር እያለች እኔ በረዶ ልጥለፍ? ኧረ አቦ!

ሚኒባሱ ደንገጎን ሲወጣ የድሬ ሙቀት ከኋላ ቀረ። አወዳይ ላይ የጫት ገበያው መንገዱን ይዞት ትንሽ ቆምን። ከዚያ ሐረር።

መጀመሪያ የሄድኩት ወደ ጀጎል በሮች ነው። ግንቡን በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያሠራው አሚር ኑር ነው፣ ጥንታዊ በሮቹም 5 ናቸው፣ በ1998 ዓ.ም. ደግሞ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ፎቶ ለሚያነሳ ሰው ግሩም ነው። ለጥልፍ ግን አልጣመኝም፤ ድንጋይ በክር ሲሠራ ግራጫ፣ ቡኒ፣ እንደገና ግራጫ ነው፣ እሱን ስቆጥር ብከርም አብዳለሁ። ጅቡንም ተውኩት። ሳሎኔ ውስጥ ጅብ አልሰቅልም።

መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ፣ በልብስ ሰፊዎቹ መሃል አልፌ፣ እንግዳ የሚያሳድር አንድ ነባር የሐረሪ ቤት በር ላይ ደረስኩ። የቤቱ እመቤት «ግቢ እንጂ፣ ምን ትገተሪያለሽ!» አለችኝ። በእድሜ እናቴ ትሆናለች፣ ግን እዚህ አገር አንቱታ ብዙም አይሠራም።

የምፈልገው ለካ ውስጥ ነበር። መቀመጫ መደቦቹ ከፍና ዝቅ ብለው ምንጣፍ ለብሰዋል፣ ጎናቸው ቀይ ተቀብቷል። ቀለሙ በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት ለፈሰሰው ደም መታሰቢያ ነው ይላሉ። ከላይ ግድግዳው ሙሉ ስፌት ተሰቅሎበታል። ቀይ፣ ጥቁር፣ አረንጓዴ፣ ብርቱካንማ አለላ። ሴትየዋ አንዱን አውርዳ ሰጠችኝ። ንድፉ የትም ወረቀት ላይ የለም፤ በእያንዳንዱ ዙር ላይ ቀለሙ የት እንደሚለወጥ በቁጥር ነው የሚያዘው። የኔም ሥራ እኮ ቆጠራ ነው!

ችግሩ ስፌት ክብ ነው፣ የኔ ጨርቅ ደግሞ አራት ማዕዘን በአራት ማዕዘን። የያዝኩት አይዳ የሚባለው የክሮስ ስቲች ጨርቅ በአንድ ኢንች 14 መስቀል ይይዛል። ግድግዳውን እንዳለ ልጥለፍ ብል እያንዳንዱ ስፌት ትንሽ ይሆንና ዳሩ እንደ ደረጃ ይሰባበራል። አንዱን ብቻ፣ 140 መስቀል ወርድ ሰጥቼ ብሠራው ግን 25 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል፣ ራቅ ብለሽ ስታይው ደግሞ ክብነቱ ይወጣል። ስለዚህ አንድ ትልቅ ስፌት፣ ዙሪያው የመደቡ ቀይ። ጎበዝ ጠላፊ ግድግዳውን ሁሉ ይሞክር፣ እኔ ትዕግስቴን አውቃለሁ።

ንድፉን ግራፍ ወረቀት ላይ ያወጣሁት እዚያው ቁጭ ብዬ፣ ቡና እየጠጣሁ ነው። አንድ ሩቡን ብቻ ነው የሳልኩት፤ ሌላው እሱን ማዞር ነው።

ለቀዩ ዲኤምሲ ከሚባለው የጥልፍ ክር ቁጥር 355ን መረጥኩ፣ የሸክላ ቀይ ነው፤ ደማቁ ቀይ ለመደቡ አይሆንም። ለጥቁሩ 310። ከ6ቱ ነጠላ ክር 2ቱን ብቻ እየሳብኩ ከጨርቁ መሃል ጀምሬያለሁ። የምፈልገው አረንጓዴ ድሬ ስላልተገኘ ከአዲስ አበባ ለሚመጣ ሰው አዝዣለሁ፣ እስኪደርስ በጥቁሩ እየሄድኩ ነው።