ቴራፒ ከቤት፦ እስካሁን የሠራልኝ

ሰው ፊት መናገር፣ የማላውቀው ሰው ሲደውል ማንሳት፣ ሰው የተሰበሰበበት ክፍል መግባት ያስፈራኛል። ማኅበራዊ ፍርሃት ይሉታል። ቴራፒውን የምከታተለው በኦንላይን ነው፤ አዲስ አበባ፣ ከኮንዶሚኒየም ቤታችን ሆኜ። ዘዴው ሲቢቲ የሚባለው፣ አስተሳሰብንና ድርጊትን እየፈተሹ የሚለውጡበት የንግግር ሕክምና ነው፤ በሳምንት አንዴ 50 ደቂቃ፣ ከዚያ የቤት ሥራ። ለጀመራችሁም ለምታመነቱም ይጠቅም እንደሆነ እስካሁን የያዝኩትን ላካፍል።

ኔትወርክ ላይ ብዙ አልቆይም። ዙም ለሁለት ሰው ጥሩ ቪዲዮ የሚፈልገው በሰከንድ 600 ኪሎቢት ገደማ ነው፤ ድምፅ ብቻ ከሆነ ከ100 በታች ይበቃዋል። ስለዚህ መስመሩ ሲንቀራፈፍ ቪዲዮውን አጥፍቶ መቀጠል ነው። መብራት ሲሄድ ዋይፋዩም አብሮ ስለሚሄድ የሞባይል ጥቅል ቀድሞ መግዛት ያስፈልጋል። ከቴራፒስቴ ጋርም ከጅምሩ ተስማምተናል፦ ከተቋረጠ እሳቸው በመደበኛ ስልክ ይደውላሉ፣ እኔ እጠብቃለሁ። ሁለታችንም እየደወልን መስመር ከመያያዝ ተገላግለናል።

የከበደው ድምፅ ነው። የኛ ግድግዳ የጎረቤትን ማስነጠስ ሳይቀር ያሳልፋል፤ ቤት ውስጥ እናቴና እህቴ አሉ፣ ሳይደውል ብቅ የሚል ዘመድም አይጠፋም። ኢርፎን የሚደብቀው የቴራፒስቴን ድምፅ እንጂ የኔን አይደለም። ሰው ይሰማኛል ብዬ ከሰጋሁ ደግሞ ስለ ሥራና ስለ እንቅልፍ ብቻ አወራለሁ፤ ዋናው ነገር ሳይነሳ ሰዓቱ ያልቃል። ስለዚህ ካሜራና ኢንተርኔት ከማስተካከላችሁ በፊት ይህን አስተካክሉ ባይ ነኝ። እኔ ሬዲዮ ከክፍሌ ውጭ፣ በሩ አጠገብ ከፍቼ እተዋለሁ፤ ክፍሉ ውስጥ ከሆነ የሚረብሸው እኔኑ ነው። ከበሩ ርቄ እቀመጣለሁ። ቀጠሮውንም እናቴ ገበያ ወደምትወጣበት ቅዳሜ ረፋድ አዛወርነው። አንድ ጓደኛዬ ጸጥ ያለ ቦታ ባቆመው መኪና ውስጥ ሆኖ ነው የሚነጋገረው፤ መኪና ላለው ከዚህ የተሻለ ክፍል የለም። ለቤተሰብ ሁሉን መዘርዘር ግዴታ አይመስለኝም። ለእህቴ ነግሬያታለሁ፣ እናቴ የምታውቀው ስብሰባ እንዳለኝ ነው። ገበያ ያልወጣች ቀን ግን ስብሰባ አይገባትም፤ «ቡናው ቀዘቀዘ እኮ!» እያለች በሩን ታንኳኳለች።

አሁን ወደ ዋናው ልምዴ ልግባ። ክላርክና ዌልስ የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን የሥነ ልቦና ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ1995 ባወጡት ማብራሪያ መሠረት፣ ማኅበራዊ ፍርሃት ያለበት ሰው ከሰው ጋር ሲሆን ትኩረቱ ወደ ራሱ ይዞራል። ሰዎቹ እንዴት እንዳዩት ሳይሆን እሱ በውስጡ የሣለውን የራሱን መልክ ያያል። ላለመጋለጥ ብሎ የሚያደርጋቸው ጥንቃቄዎችም ፍርሃቱን ያቆዩታል። ቪዲዮ ላይ ደግሞ ያ መልክ ጥግ ላይ ተለጥፎ ይመጣል! ቴራፒስቴ እያናገሩኝ እኔ ፊቴ ቀላ አልቀላ እያልኩ ራሴን ስቆጣጠር አስተዋሉና የራሴን ምስል ከስክሪኑ እንድደብቅ ነገሩኝ። ዙም ይህ አማራጭ አለው፤ እሳቸው ያዩኛል፣ እኔ አላየኝም። የምትጠቀሙበት መተግበሪያ ከሌለው ቁራጭ ወረቀት ለጥፉበት። ከሞከርኩት ሁሉ ቶሎ ለውጥ ያየሁት በዚህ ነው።

ሌሎቹን ጥንቃቄዎችም አብረን ለቀምናቸው። የምናገረውን ጽፎ ማንበብ አንዱ ነው፤ አሁን ወረቀቴ ላይ ሁለት ሦስት ቃል ብቻ ነው ያለው። ኔትወርኩ ደህና ሆኖ ሳለ ካሜራ ማጥፋት ሌላው ነው። ዛሬም ማጥፋት እችላለሁ፣ ግን ምክንያቱን እናገራለሁ፤ «አፍሬ ነው» ማለት ራሱ የሥራው አካል ሆኗል።

የቤት ሥራዎቹ ከሰፈር የተቀዱ ናቸው። ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ለማለት ሌላ ሰው እስኪጠራ የምጠብቅ፣ ካልጠራም አልፌ ወርጄ በእግሬ የምመለስ ነኝ። የታዘዝኩት ቀድሜ፣ ጮክ ብዬ፣ በልቤ ሳልለማመድ እንድናገር ነበር። ከመሳፈሬ በፊት ይሆናል የምለውን እጽፋለሁ፣ ከወረድኩ በኋላ የሆነውን። ትንበያዬ «ሁሉም ዞሮ ያየኛል» የሚል ነበር። የሆነው፣ ረዳቱ «ጠጋ በልለት!» አለ፣ አለቀ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ቴራፒስቴ ስልኩ ላይ እያሉ ኢርፎኔን አድርጌ ታች ሱቅ ወረድኩ፤ የሦስት ዕቃ ዋጋ ጠይቆ ምንም ሳይገዙ መውጣት። ባለሱቁ ቀና ብሎም አላየኝም። ቢሮ ድረስ ሄጄ ቢሆን ይህን ሳምንት ቆይቼ በወሬ ነበር የምነግራቸው፤ የኦንላይን ትልቁ ብልጫ ይህ ነው እላለሁ።

ጉድለትም አለው። የሚያዩት ከደረቴ በላይ ነው፤ እግሬ ሲንቀጠቀጥ፣ መዳፌ በላብ ሲርስ ካልነገርኳቸው አያውቁም። ስለዚህ አፍ አውጥቶ መናገር ነው። በየቀጠሮው መጀመሪያ የት እንዳለሁ ይጠይቁኛል፣ የእህቴንም ስልክ ይዘዋል። መጀመሪያ ቁጥጥር መስሎኝ ነበር፤ አንድ ነገር ብሆን ሰው የት እንደሚልኩ ለማወቅ ነው። ራሱን ለማጥፋት ለሚያስብ፣ ወይም ሌላው የማይሰማውን ድምፅ ለሚሰማ ሰው ግን ቪዲዮ አይበቃም። ሆስፒታል መቅረብ አለበት፤ አማኑኤል የሚለውን ስም መቀለጃ ማድረጋችን ስንቱን እንዳስቀረ እንጃ።

ሲያልቅ ወዲያው ወደ ሳሎን አልወጣም። ከቢሮ የሚመለስ ሰው ታክሲ ውስጥ የሚያስብበት ጊዜ አለው፣ ከመኝታ ቤት የሚወጣ ሰው የለውም። ግቢውን ዞር ዞር እልና የቀረልኝን እጽፋለሁ። በየሁለት ሳምንቱ ጂኤዲ-7 የሚባለውን የጭንቀት መለኪያ መጠይቅ እሞላለሁ፦ 7 ጥያቄ፣ ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 3፣ ሲደመር እስከ 21። 15 እና ከዚያ በላይ ከባድ ጭንቀት ነው። የኔ ከዚያ ወርዷል፤ አንዳንድ ሳምንት መልሶ ከፍ ይላል።

ቀጣዩ የቤት ሥራዬ የነዋሪዎች ስብሰባ ላይ ስለ ውሃ ፓምፑ አንድ ጥያቄ መጠየቅ ነው። ትንበያዬን ጽፌያለሁ፦ ድምፄ ይንቀጠቀጣል፣ ሊቀመንበሩም «ይህ አጀንዳ አይደለም» ይሉኛል። የሁለተኛውን እንኳ እርግጠኛ ነኝ፤ ለማንም እንዲያ ነው የሚሉት።