ያገለገለ ቪ8 ከመግዛትዎ በፊት የት የት ማየት እንዳለብዎ

«ቶዮታ ነው፣ አይበላሽም» የሚለው አነጋገር ያገለገለ ቪ8 ለሚገዛ ሰው ትልቁ አደጋ ነው። ቪ8 የምንለው ላንድክሩዘር 200 በእርግጥም ጠንካራ ተደርጎ የተሠራ መኪና ነው። ችግሩ ይኸው ጥንካሬው ነው፤ የቸልተኛ ባለቤትን ጥፋት ለዓመታት ችሎ ይቆይና ዕዳውን ለሁለተኛው ወይም ለሦስተኛው ገዢ ያስተላልፋል። ደካማ መኪና ቶሎ ስለሚቆም ጉዳቱም ቶሎ ይታወቃል። ቪ8 ግን ፊልትሮው በጊዜው ሳይቀየር፣ የካምቢዮ ዘይቱ ሳይነካ፣ አቧራ እየዋጠ ረጅም መንገድ ይሄዳል። ታጥቦ ተወልውሎ ሲቀርብ ደግሞ ከንጹሑ መለየት ያስቸግራል።

ከ2024 መጀመሪያ (ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ጀምሮ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። ስለዚህ ገበያ ላይ የሚያገኙት አገር ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረውን ነው። ሻጭና ደላላ የሚያወሩት ስለ ቀለሙ፣ ስለ ሞዴሉና ስለ ቆዳ ወንበሩ ነው። ገንዘብዎን የሚበላው ግን ከኮፈኑ ስርና ከቻሲሱ በታች ያለው ነው።

መጀመሪያ የያዘውን ሞተር ይለዩ። ኋላው ላይ «ቪ8» የሚል ምልክት ስላለ ብቻ ቪ8 (ባለ ስምንት ሲሊንደር) ነው ማለት አይደለም፤ ምልክት ተገዝቶ ይለጠፋል። ከ2007 እስከ 2021 ከተመረቱት 200ዎች ውስጥ፣ በተለይ ለዐረብ አገሮች ገበያ ከተሠሩት፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር 4.0 ሊትር ቤንዚን የሆኑ አሉ። የመኪናው መለያ ሳህን ላይ የሞዴሉ ኮድ ተጽፏል፦ ቪዲጄ200 ከሆነ 4.5 ሊትር ባለ ሁለት ቱርቦ ናፍጣ፣ ዩዜድጄ200 ከሆነ 4.7 ቤንዚን፣ ዩአርጄ202 ከሆነ 4.6 ቤንዚን፣ ዩአርጄ200 ከሆነ 5.7 ቤንዚን፣ ጂአርጄ200 ከሆነ ባለ ስድስት ሲሊንደሩ 4.0 ነው። ከእነዚህ ውስጥ 4.7ቱ ሞተር በጎማ ቺንጋ (ታይሚንግ ቤልት) የሚሠራ ሲሆን ሌሎቹ ሰንሰለት ናቸው። ለ4.7 የቺንጋው የተቀየረበት ማስረጃ ከሌለ እንዳልተቀየረ ይቁጠሩት። ቺንጋውን፣ መወጠሪያውንና የውሃ ፖምፓውን በአንድ ላይ የመቀየሪያውን ወጪም ከዋጋው ላይ ያስቀንሱ።

ከዚህ በኋላ የምጽፈው በብዛት ስለ ናፍጣው ነው፤ አገራችን ውስጥ የሚፈለገውም የሚፈራውም እሱ ስለሆነ።

ለማየት ሲሄዱ ሞተሩ ያደረ፣ የቀዘቀዘ እንዲሆን አስቀድመው ይጠይቁ። ሲደርሱ ኮፈኑን በእጅዎ ይንኩ፤ ሞቆ ከጠበቀዎ ሌላ ቀን ይመለሱ። ጤነኛ ናፍጣ ቪ8 ማለዳ በአንድ ሁለት ሰከንድ ውስጥ ይነሳል። መጀመሪያ ላይ ትንሽ ነጭ ጭስ ወጥቶ ቢጠፋ አያስጨንቅም። ነጩ ጭስ ካልጠፋና ሞተሩ ከተንገጫገጨ ኢንጀክተር (ነዳጅ ወደ ሲሊንደር የሚረጨውን) ይጠርጠሩ። አሥር ደቂቃ ያህል በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይሰጡት እየሠራ) ከቆየ በኋላ ነዳጅ ሲሰጡት ሰማያዊ ጭስ ከወረወረ ዘይት እየበላ ነው፤ ምንጩ ቱርቦ ወይም ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ሊሆን ይችላል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ምርቶች ላይ ደግሞ የቫኪዩም ፖምፓው ዘይት የሚያስበላበት ችግር ታውቋል። ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ይፍቱና ገልብጠው አፉ ላይ ያስቀምጡት። ትንሽ መንቀጥቀጡ የተለመደ ነው፤ እየዘለለ ከወደቀ ግን የሲሊንደሩ ግፊት በፋሻው በኩል ወደ ታች እያለፈ ነው ማለት ነው።

አሁን ብዙ ሰው የሚያልፈው፣ እኔ ግን ከሁሉም የማስቀድመው ነገር፦ አቧራ። ይህ ሞተር በሁለት ቱርቦ ብዙ አየር ይስባል። የአየር ፊልትሮው ቤት በደንብ ካልገጠመ፣ ወይም ርካሽ ፊልትሮ ከገባበት፣ እንደ ዱቄት የላመ አቧራ በጠርዙ ሾልኮ ይገባል።  ምርመራው ቀላል ነው። ከፊልትሮው ቀጥሎ ወደ ቱርቦ የሚሄደውን ቱቦ ያስፈቱ፣ ንጹሕ ነጭ ጨርቅ በጣትዎ ጠቅልለው የቱቦውን ውስጥ ይጥረጉ። ትንሽ የዘይት እርጥበት ቢኖር ችግር የለውም። ጨርቁ ላይ ቡናማ አቧራ ወይም ጭቃ የመሰለ ነገር ካዩ መኪናውን ይተዉት። አቧራ የቱርቦውን ምላስ፣ ፋሻውንና የሲሊንደሩን ግድግዳ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሞርዳል። ሞተሩ ዛሬ ጥሩ ድምፅ ቢኖረውም ዕድሜው አጥሯል። በዚህ ጉዳይ ዋጋ ቀንሱልኝ ብሎ መደራደር አያዋጣም። ገጠር ለገጠር ሲሠራ የቆየ የፕሮጀክት መኪና ከሆነ ይህን ምርመራ ፈጽሞ አይዝለሉት።

ሁለተኛው የናፍጣው ሞተር ጠላት ራሱ ነዳጁ ነው። የኮመን ሬይል ፖምፓ (ነዳጁን በከፍተኛ ግፊት የሚገፋው) እና ኢንጀክተሮች የሚቀቡት በሚያልፍባቸው ነዳጅ ስለሆነ ውሃና ቆሻሻ በጥቂት ጊዜ ያበላሻቸዋል። ከናፍጣ ፊልትሮው ስር ካለው ማፍሰሻ ትንሽ ናፍጣ ወደ ሃይላንድ ፕላስቲክ ያስቀዱና ብርሃን ላይ ያዙት። ከስሩ ውሃ ከረጋ፣ ወይም የዝገት ቅንጣት ከታየ፣ የነዳጅ ታንከሩም መታጠብ ይኖርበታል። ከዚያ በቶዮታ የምርመራ ፕሮግራም፣ በቴክስትሪም፣ የስምንቱን ኢንጀክተሮች ማስተካከያ ቁጥር ሞተሩ ሞቆ በሚኒሞ ላይ እያለ ያስነብቡ። ቁጥሮቹ ወደ ዜሮ የቀረቡና እርስ በርስ የተቀራረቡ ሲሆኑ ጥሩ ነው። አንደኛው ከ3 በላይ ወይም ከዜሮ በታች ከ3 ያለፈ ከሆነ ያ ኢንጀክተር ደክሟል። ስምንት ኢንጀክተር ማለት ከአራት ሲሊንደር መኪና ወጪው እጥፍ ነው፤ አንዱ በነዳጅ ምክንያት ከሄደ የቀሩትም ያንኑ ነዳጅ ጠጥተዋል። ያነበበልዎትን ቁጥር በስልክዎ ፎቶ ያንሱ፤ ዋጋ ላይ ሲነጋገሩ ከክርክር ያድናል።

(በዋጋው ምክንያት ወደ 3.0 ናፍጣ ፕራዶ የሚያዘነብል ካለ፣ እሱም የራሱ የታወቀ ሕመም አለው። ከኢንጀክተሩ ስር ያለችው የመዳብ ሮንዴላ ስታሳልፍ የቃጠሎው ጭስ ወደ ዘይቱ ይገባል፣ ዘይቱ ካርቦን ይሆናል፣ የዘይት መምጠጫው ወንፊት ይደፈናል፣ ሞተሩም ያለ ዘይት ይነክሳል። ሮንዴላዎቹ መቼ እንደተቀየሩና ወንፊቱ ታይቶ እንደሆነ ሳይጠይቁ አይግዙ።)

ራዲያተሩ ላይ ይምጡ። የ200 ራዲያተር የላይኛው ክፍል ፕላስቲክ ነው፤ በዕድሜና በሙቀት ብዛት እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ያበጃል። ሮዝ ቀለም ያለው የቶዮታ የራዲያተር ውሃ ሲያመልጥ በሙቀቱ ይደርቅና ሮዝ ዱቄት የመሰለ ቅርፊት ይተዋል። በባትሪ ብርሃን የላይኛውን ጠርዝ ከዳር እስከ ዳር ይዩ፤ የውሃ ፖምፓው አካባቢም ያው ሮዝ ምልክት ካለ ፖምፓው ማሳለፍ ጀምሯል። ውሃው ሮዝ መሆኑ ቀርቶ የቧንቧ ውሃ ከሆነ ባለቤቱ ሲጎድል እየሞላ ነድቷል ማለት ነው። ክዳኑን ቀላል አድርገው አይዩት። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ክዳን የሌለው ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ ሞተሩ ደግሞ ከዚያ ጋር በሚቀራረብ ሙቀት ነው የሚሠራው። ውሃው እንዳይፈላ የሚያደርገው ክዳኑ የሚይዘው ግፊት ነው፤ ላስቲኩ ያረጀ ክዳን እዚህ ከባሕር ጠረፍ ይልቅ ቶሎ ጉዳት ያመጣል።

የናፍጣው ካምቢዮ ባለ ስድስት ማርሽ አውቶማቲክ ነው፤ የዘይት መለኪያ ዘንግ የለውም። በዚህ ምክንያት «የዕድሜ ልክ ዘይት ነው፣ አይቀየርም» ይባላል። በእኛ ዳገትና የትራፊክ መጨናነቅ ይህ አይሠራም። ዘይቱ ደብሊውኤስ የሚባለው ዓይነት ብቻ ነው። አንድ ጊዜ ሲፈስ የሚወጣው ከጠቅላላው ግማሽ ስለማይሞላ፣ በደንብ ለማደስ ሁለት ሦስት ጊዜ ማፍሰስ ይጠይቃል። መጠኑም በሙቀት ተለክቶ ነው የሚስተካከለው፤ ይህን የማያውቅ ጋራዥ አይንካው። ሲነዱ በሰዓት ከ80 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ነዳጁን ቀለል አድርገው ይያዙ። መኪናው ኮረኮንች ላይ እንደሚሄድ ከተንቀጠቀጠ ቶርክ ኮንቨርተሩ (ሞተሩን ከካምቢዮው ጋር የሚያገናኘው) ችግር አለበት። ሲቆሙ ከስር አንድ ጊዜ «ዷ» የሚል ድምፅ ከሰሙ ግን አይደንግጡ፤ ብዙ ጊዜ ግራሶ የሚፈልግ የማስተላለፊያ ዘንግ ነው፣ ርካሽ ነገር ነው።

ለመንገድ ሙከራ ከስድስት ኪሎ በሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ መውጣትን የሚያህል ፈተና የለም። የቶዮታ የሙቀት ጌጅ ሰፊ የሙቀት ልዩነት ውስጥ መሃል ላይ ቆሞ ስለሚቆይ በእሱ አይመኑ። የምርመራ መሣሪያው ላይ ትክክለኛውን ዲግሪ እያዩ ይውጡ፤ ዳገቱ ላይ 100ን አልፎ መውጣቱን ከቀጠለ የማቀዝቀዣው ሥርዓት ችግር አለበት። ኃይል ድንገት ከጠፋና የሞተር መብራት ከበራ የቱርቦው መቆጣጠሪያ ሞተር ሊሆን ይችላል፤ ውድ ዕቃ ነው። ሲወርዱ ፍሬን ይዘው መሪው ከተርገበገበ ዲስኮቹ ተጣመዋል።

ላይ ደርሰው ባዶ ቦታ ካገኙ መኪናውን አቁመው ኒውትራል ያድርጉና ኤል4 (ከባድ ማርሹን) ያስገቡ። ከዚያ የመሃል ዲፍሬንሻሉን መቆለፊያ ይጫኑና ጥቂት ሜትር ይንዱ፤ መብራቱ መብራት አለበት። ከተማ ውስጥ ብቻ የኖረ መኪና ይህን ለዓመታት ስለማይጠቀምበት የማስገቢያው ሞተር ይጣበቃል።

ስለ እገዳው (ሰስፔንሽን) ሁለት ነገር ልዩ ናቸው። ኬዲኤስኤስ (መኪናው ሲታጠፍ እንዳያጋድል የሚያደርግ የሃይድሮሊክ ሥርዓት) ያለው ከሆነ በደልዳላ መሬት ላይ አቁመው ከጎማው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ በግራም በቀኝም በሜትር ይለኩ። ልዩነቱ ከ2 ሳንቲ ሜትር ካለፈ፣ ወይም ቻሲሱ ላይ የተቀመጠው የቫልቭ ሳጥን ዘይት ካስታወከ፣ ጥገናው ቀላል አይደለም። ከፍ ዝቅ የሚለው የሃይድሮሊክ ዓይነት (ሌክሰስ 570 ላይ ያለው) ከሆነ ደግሞ ከዝቅተኛው ወደ ከፍተኛው ያስነሡትና የዘይት ማጠራቀሚያው ላይ መጠኑ ስንት መስመር እንደወረደ ይዩ። ልዩነቱ ትንሽ ከሆነና መኪናው ጉድጓድ ላይ እንደ ደረቅ ጋሪ ከመታ፣ በውስጣቸው ጋዝ ያለባቸው አራቱ ኳሶች አልቀዋል። ያለ ሃይድሮሊክ፣ በተራ ሞላ የሚሠራውን ካገኙ እኔ እሱን እመርጣለሁ።

ሬንጅ ሮቨርን ከቪ8 ጋር የሚያወዳድር ብዙ ሰው አለ። ምቾቱ አይካድም። ነገር ግን የ2.7ና የ3.0 ቪ6 ናፍጣ ሞተሮቻቸው ኮሎ (ክራንክሻፍት) ያለ ማስጠንቀቂያ የሚሰበርበት አጋጣሚ በስፋት የታወቀ ነው፤ ይህንን አስቀድሞ የሚያሳይ ምርመራ የለም። በአየር የሚሠራው እገዳም የጎማ ከረጢቱ ሲያሳልፍ ኮምፕረሰሩ ያለ ዕረፍት እየሠራ ይቃጠላል። ዕቃውን እንደ ቶዮታ ሶማሌ ተራ ወርዶ በአንድ ቀን ማግኘት ለማይቻልበት መኪና እንዲህ ያለ ሥጋት መሸከም አልመክርም።

የኪሎ ሜትር ቆጣሪ ይመለሳል፤ ስለዚህ ሰውነቱን ያንብቡ። 90 ሺህ የሚል መኪና የፍሬን ፔዳሉ ላስቲክ ለስልሶ ጥርሱ ከጠፋ፣ የሾፌሩ ወንበር የበር በኩል ቆዳ ከተሰነጠቀ፣ ቁጥሩ ውሸት ነው። መኪናው የቶዮታ አስመጪው ሞኤንኮ ጋራዥ ሲገባ የነበረ ከሆነ፣ በቻሲስ ቁጥሩ የሰርቪስ ታሪኩን ባለቤቱ እንዲያስወጣልዎ ይጠይቁ። ቁልፍ ሲከፍቱ የኤርባግ መብራቱ በርቶ ከጥቂት ሰከንዶች በኋላ መጥፋት አለበት። ጭራሽ ካልበራ አንድ ሰው ሆን ብሎ አጥፍቶታል፤ መኪናው ተጋጭቶ ኤርባጉ ፈንድቶ ሊሆን ይችላል። ጎማዎቹ ላይ ያሉትን አራት አኃዞችም ይዩ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመቱን ይናገራሉ።

ሁሉም ካለፈ በኋላ ወረቀቱ ይቀራል። ቻሲሱ ላይ በቀኝ ፊት ጎማ አካባቢ የተቀረጸውን ቁጥር ጭቃውን ጠርገው ከሊብሬው ጋር ፊደል በፊደል ያስተያዩ። ኤምባሲ፣ የተራድኦ ድርጅት ወይም ኢንቨስተር ከቀረጥ ነፃ ያስገባው ከነበረ ቀረጡ የተከፈለበትን የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ዋናውን ይዩ። «በኋላ እናስተካክለዋለን» በሚል ቃል ብር አይክፈሉ። የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እግድ እንደሌለበት ፋይሉ ካለበት የመንገድ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ያረጋግጡ፤ ይህም ቀብድ ከመስጠትዎ በፊት ይሁን። ክፍያው ውልና ማስረጃ ፊት ውሉ ሲፈረም በባንክ ቢተላለፍ ይሻላል፤ ውሉ ላይም እውነተኛው ዋጋ ይጻፍ።

ከዋጋው ውጪ ለመጀመሪያው ወር የሚሆን ገንዘብ ለብቻው ያስቀምጡ። የሞተር ዘይት ብቻውን ከነፊልትሮው ከ9 ሊትር በላይ ይወስዳል። በተጨማሪም የናፍጣና የአየር ፊልትሮዎች፣ የካምቢዮ ዘይት፣ የሁለቱ ዲፍሬንሻሎችና የትራንስፈር ዘይት፣ የራዲያተር ውሃና ክዳን፣ የፍሬን ዘይት አሉ። ሻጩ «ባለፈው ሳምንት ቀይሬዋለሁ» ቢልም ደረሰኝ ከሌለ ሁሉንም ይቀይሩ፤ ከዚያ በኋላ የሞተር ዘይቱን በየ5 ሺህ ኪሎ ሜትሩ። ፊልትሮ ሲገዙ ከታመነ ቦታ ይግዙ። የናፍጣ ፊልትሮ አስመስሎ የተሠራ ብዙ አለ፤ ከዋናው ጋር ጎን ለጎን ቢያስቀምጡት ክብደቱና የወረቀቱ እጥፋት ብዛት ይለያያል።