ዲፕ ፍሪዘሩ፣ ዋልነቱና የቤቴ ድራፍት

አዲስ አበባ እያለሁ ከሥራ በኋላ ከጓደኞቼ ጋር የምንጠጣው ድራፍት ነበር። ጃምቦው ውጩ ጤዛ ይዞ፣ ላዩ ሁለት ጣት አረፋ ደፍቶ ሲመጣ ደስ ይላል። ሜሪላንድ ከመጣሁ በኋላ ቢራ አልጠፋም፣ የጠፋብኝ ያ ነው። ቤት ውስጥ መጥመቅ የጀመርኩትም ለዚሁ ነው። እዚህ አገር ጂሚ ካርተር በ1978 በፈረሙት ሕግ መሠረት ሁለት አዋቂ ሰው ያለበት ቤት ለራሱ የሚሆን እስከ 200 ጋሎን ቢራ በዓመት መጥመቅ ይችላል፣ እንዳይሸጠው እንጂ። እኔ የዚያን ሩብም አልጠምቅም። ያስመረረኝ ጠርሙሱ ነው። አንድ ጊዜ 19 ሊትር ስጠምቅ ከሀምሳ በላይ ጠርሙስ አጥቤ፣ ሞልቼ፣ ከድኜ እጨርስና እጄ ይዝላል።

ስለዚህ ባለፈው ክረምት ወደ ኬግ፣ ወደ ብረቱ የቢራ በርሜል ዞርኩ። ያገለገሉ ሁለት ኬጎች ገዛሁ፣ ድሮ የለስላሳ ሽሮፕ ይመላለስባቸው የነበሩትን ባለ 19 ሊትሮቹን። ከሰው ደግሞ ክዳኑ ወደ ላይ የሚከፈት 200 ሊትር ገደማ የሚይዝ ዲፕ ፍሪዘር አገኘሁ። ፍሪዘር ሥራው በረዶ ማድረግ ስለሆነ የራሱ ማስተካከያ ለቢራ አይሆንም። ከውጭ የሚሰካ የሙቀት መቆጣጠሪያ ያስፈልገዋል፤ 4 ዲግሪ ሲደርስ መብራቱን ይቆርጥበታል፣ ሲሞቅ ይመልስለታል። የመቆጣጠሪያውን ሽቦ ጫፍ ዝም ብላችሁ አየር ላይ አታንጠልጥሉት። ክዳኑ በተከፈተ ቁጥር ሞተሩ ይነሳል። እኔ ከኬጉ ጎን ለጥፌ በላዩ ላይ ቁራጭ ፎም ደረብኩበት፣ አሁን የሚለካው የቢራውን ቅዝቃዜ ነው።

አንድ ነገር ከልቤ ልንገራችሁ። የፍሪዘሩን ግድግዳ በትራፓኖ እንዳትበሱ። የሚያቀዘቅዘው ጋዝ የሚዞርበት ቀጭን ቱቦ ከላሜራው ጀርባ ተደብቆ ነው ያለው፣ አንዴ ከተነካ ፍሪዘሩ አለቀለት። መፍትሔው በፍሪዘሩና በክዳኑ መሀል የሚቀመጥ 20 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው የእንጨት ክፈፍ ነው። ቢራው የሚቀዳባቸው ቧንቧዎች የሚወጡት በእንጨቱ በኩል ነው፣ የክዳኑ ማጠፊያም እሱ ላይ ይታሰራል። ውስጡን በፎም ሸፈንኩት፣ ከፍሪዘሩ አፍ ጋር በሚገናኝበት ደግሞ የበር ጎማ ለጠፍኩ።

እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነበር። ጥፋቴ የመጣው ማሳመር ስጀምር ነው።

ነጭ ላሜራው ስላስጠላኝ ጎንና ጎኑን በጣውላ ጥርቅም አድርጌ አለበስኩት። ቆንጆ ሆነ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ቤዝመንት ወርጄ እጄን ሳሳርፍበት ጣውላው ለብ ብሏል። ሞተሩ አላረፈም፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ ነው ያደረው። ለካ እንዲህ ዓይነት ፍሪዘሮች ብዙዎቹ ሙቀታቸውን የሚያወጡት በጀርባቸው ሳይሆን በጎናቸው ነው። ከውስጥ የወሰደውን ሙቀት ማስወጫ ከልክዬ ነበር። በዚያው ቀን ነቃቅዬ አወረድኩት፤ ጣውላውን ለብቻው በሚቆም ክፈፍ ላይ አስሬ ከላሜራው በ5 ሴንቲ ሜትር አራቅኩት፣ ከታች አየር እንዲገባ ከላይ እንዲወጣ ክፍት ተውኩለት። ሁለት ቅዳሜ ፈጀብኝ። አሁን ሞተሩ ይነሳል፣ ይሠራል፣ ያርፋል። ያ ዝምታው ደስ ይለኛል።

የላዩ ጠረጴዛ ዋልነት ነው። እዚሁ አካባቢ የሚበቅል ጥቁር ቡና የመሰለ እንጨት። ሦስት ሳንቃ በኮላ አጣብቄ በሞርሳ አጥብቄ አሳደርኩት። ውፍረቱን 2 ሴንቲ ተኩል ላይ ያቆምኩት ለክብደቱ ስል ነው፣ እንዲያም ሆኖ ወደ 9 ኪሎ ይመዝናል። ክዳኑን እንደ መኪና ኮፈን የሚያነሱ ሁለት ማንሻዎች ባላስገባለት ማጠፊያው አይችለውም ነበር። ደግሞ እንጨት በሜሪላንድ ወበቅ ወደ ጎን ይሰፋል፣ በክረምት ማሞቂያ ሲለኮስ ይጠባል። በጠባብ ቀዳዳ በብሎን ከቸነከራችሁት ይሰነጠቃል። ቀዳዳዎቹን ሞላላ አድርጌ ብሎኑ እንዲንሸራተት ተውኩት። ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት፣ ከሻካራው ወደ ልስልሱ፣ እጄ ምንም እስከማይነካው ድረስ። ቫርኒሹን አራት ጊዜ ቀባሁ፣ ሆዱንም ጭምር። ላዩን ብቻ ቀብቶ የሚተው ሰው እርጥበቱ ከታች ገብቶ ጠረጴዛውን ያጣምምበታል።

የመጀመሪያው ጃምቦ ሙሉ በሙሉ አረፋ ነበር። ሁለተኛውም እንደዚያው። ቢራውን ከኬጉ የሚገፋውን ጋዝ ቀነስኩ፣ አልተሻለውም። ችግሩ ከኬጉ ወደ ቧንቧው የሚሄደው ጎማ ማጠሩ ነው፤ አንድ ሜትር ተኩል ብቻ ነበር። ውስጡ 5 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ቀጭን ጎማ በ3 ሜትር ስቀይረው ቢራው መንገድ ላይ ግፊቱን እየጣለ ረጋ ብሎ መውረድ ጀመረ። ግፊቱን 12 ፒኤስአይ ላይ መለስኩት። ቀዝቃዛ አየር ደግሞ ወደ ታች ይተኛል፣ ቧንቧው ያለበት ላይኛው ክፍል ሞቅ ይላል። ከአሮጌ ኮምፒውተር ያወጣሁትን ትንሽ ፋን ውስጡ አስቀመጥኩ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጣት አረፋ፣ ልክ እንደዚያ ጊዜው።

እናቴ ስትመጣ መጀመሪያ ያየችው ጠረጴዛውን ነው። በመዳፏ ዳሰሰችውና «ዋንዛ ነው እንዴ?» አለች። አይደለም አልኳት፣ ግን ገባኝ፤ የቤታችን ቁም ሣጥን ዋንዛ ነበር።

ሁለተኛው ኬግ ባዶ ስለነበር ጠላ እንጥመቅበት አልን። ጌሾውን ከአገር ቤት ይዛ መጥታለች። ጠላው ሲደርስ በነጭ ጨርቅ ሁለት ጊዜ አጥልለን ሞላነው። በማግሥቱ ቧንቧውን ብከፍተው አንድ ጉንጭ ያህል ወርዶ ተዘጋ። የኬጉ ቱቦ የሚቀዳው ከታች ነው፣ ከታች ያለው ደግሞ አተላው ነው። ሌላ ቱቦ በ3 ሴንቲ አሳጥሬ አስገባሁ፣ ለመግፋት ያህል ብቻ ጋዝ ሰጥቼ ዘጋሁበት። ወረደ፣ ጠቆር ብሎ፣ ጢስ ጢስ እየሸተተ።

ቀመሰችው። «ጥሩ ነው፣ ግን በረደ ልጄ» አለችኝና ብርጭቆውን በሁለት እጇ አቅፋ ዋልነቱ አጠገብ ቁጭ አለች። እስኪሞቅላት ጠብቃ ጠጣችው። ለሚቀጥለው ጊዜ የጠላውን ኬግ ከፍሪዘሩ አውጥቼ ከጣውላው አጠገብ፣ ያ ለብ ያለው አየር በሚወጣበት ጎን ላቆመው አስቤያለሁ። ጎማው እስከዚያ ይደርሳል፣ ለክቼዋለሁ።