ከቦርጭ እስከ አንጎል፦ የስምንት ወር ማስታወሻ

ደብረ ማርቆስ ላይ ጫማዬን የሚጠርግልኝ ልጅ በቀበቶዬ ጫፍ ላይ በጋለ ምስማር አዲስ ቀዳዳ ከበሳልኝ በኋላ፣ «ጋሼ፣ ከዚህ በኋላ ቆዳው አልቋል» ያለኝ የዛሬ ስምንት ወር ነበር። በእኛ አገር «ወፈርህ፣ ተመችቶሃል» መባል ምርቃት ስለሆነ እስከዚያ ቀን ድረስ ነገሩን በቁም ነገር አላየሁትም ነበር። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው በሜትሩ ሲለካኝ ወገቤ 108 ሴንቲሜትር ሆነ፤ ለወንድ ከ102 ያለፈው ከፍተኛ የጤና ስጋት እንዳለው ይቆጠራል። በሱሪ ቁጥር የምትለኩ ወንድሞች ግን ራሳችሁን እንዳታታልሉ፤ ሱሪ የሚታሰረው ከቦርጭ ሥር ነው።

ድካሙና የወሲብ ፍላጎት መቀነሱ ስለበረታብኝ ቴስቶስትሮን የተባለውን የወንድ ሆርሞን በደም ምርመራ አስለካሁ። ስህተቴ ምሳ በልቼ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ መሄዴ ነበር፤ ውጤቱ በዴሲሊትር 228 ናኖግራም ሆኖ አስደነገጠኝ። ሆርሞኑ ጠዋት ከፍ ብሎ ወደ ማታ እንደሚወርድ፣ ምግብም እንደሚቀንሰው የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። በሌላ ቀን ምንም ሳልቀምስ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ደም ስሰጥ 281 ሆነ፤ የአሜሪካ የዩሮሎጂ ሐኪሞች እንደ ወሰን ከሚይዙት 300 አሁንም በታች ነው።

የበለጠ ያስተማረኝ ግን አብሮ የተለካው ኤልኤች የተባለው፣ ከአንጎል ሥር ያለው የፒቱታሪ ዕጢ ሆርሞን ነው። ደካማው የዘር ፍሬው ራሱ ቢሆን ኖሮ ፒቱታሪ «ሥራ!» እያለ ትእዛዙን ያበዛ ነበርና ኤልኤች ከመጠን በላይ ከፍ ይል ነበር። የእኔ ግን በመደበኛው ክልል ውስጥ ዝም ብሎ ተቀምጧል፤ ሠራተኛው እየሰነፈ አለቃው አይጮህም ማለት ነው። ክፍል ውስጥ ለዓመታት በሰሌዳ ላይ የሣልኩት ሥዕል፣ ሃይፖታላመስ የተባለው የአንጎል ክፍል ፒቱታሪን፣ ፒቱታሪ የዘር ፍሬን ያዛል የሚለው፣ በራሴ ደም ሲነበብ ሌላ ሆነብኝ።

አለቃውን ዝም ያሰኘው ምንድን ነው? ስብ የዘይት ማጠራቀሚያ ብቻ አይደለም። በውስጡ ያለው አሮማቴዝ የተባለ ኢንዛይም ቴስቶስትሮንን የሴት ሆርሞን ወደሚባለው ኢስትሮጅን ይለውጣል፤ ኢስትሮጅኑም አንጎልን «በቂ ነው» ይለዋል። ከዚህ በተጨማሪ ከሆድ ስብ የሚወጡ የብግነት (ሰውነትን የሚያስቆጡ) ኬሚካሎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣ ጥናት ቅባት የበዛበት መኖ የተሰጣቸው አይጦች ሃይፖታላመሳቸው ላይ የብግነት ምልክት የታየው በጥቂት ቀናት ውስጥ፣ ገና ክብደታቸው በጉልህ ሳይጨምር ነው። ማይክሮግሊያ የተባሉት የአንጎል ጠባቂ ሕዋሳት ይቆጣሉ፣ አንጎልም እ.ኤ.አ. በ1994 የተገኘውን የጥጋብ ሆርሞን ሌፕቲንን መስማት ያቅተዋል፤ የመራቢያ ትእዛዙን የሚቀሰቅሱት የኪስፔፕቲን ሕዋሳትም ይዳከማሉ። በሰው ላይ በኤምአርአይ ተመሳሳይ ምልክት ታይቷል፤ ይሁን እንጂ ከውፍረት ጋር አብሮ መታየቱ መንስኤነቱን ብቻውን አያረጋግጥም። የቴስቶስትሮን ማነስም በተራው ጡንቻን ቀንሶ ስብን ስለሚያበዛ ነገሩ ዙሪያ ገጠም ነው።

አንድ ወዳጄ የቴስቶስትሮን መርፌ ተወጋና ተገላገል ብሎኝ ነበር። ከባለቤቴ ጋር ሁለተኛ ልጅ እያሰብን ስለሆነ እምቢ አልኩ፤ ከውጭ የገባ ቴስቶስትሮን ኤልኤችንና አቻውን ኤፍኤስኤችን ዝም ስለሚያሰኝ የዘር ሕዋስ ምርትን እስከ ማቆም ሊደርስ ይችላል።

ባጃጁን ትቼ ከጮቄ በኩል በሚወርደው የጠዋት ብርድ እየተንቀጠቀጥኩ በእግሬ ወደ ትምህርት ቤት መሄድ ጀመርኩ። ያልጠበቅሁት ፈተና ሁዳዴ ነበር፦ 55 ቀን ሥጋና ቅቤ ሳልነካ 2 ኪሎ ጨምሬ ወጣሁ፤ ዘይት የተንሳፈፈበት ሽሮ፣ ዳቦና ሦስት ማንኪያ ስኳር ያለው ሻይ ጾም ናቸውና ማንም አልከለከለኝም። ከፋሲካ በኋላ ስኳሩን ተውኩ፣ ዘይቱን ባለቤቴ በማንኪያ መለካት ጀመረች።

ዛሬ ክብደቴ ከ96 ወደ 87 ኪሎ፣ ወገቤ ወደ 99 ሴንቲሜትር ወርዷል፤ የባለፈው ወር የጠዋት ደምም 338 ሆኗል። ማንኮራፋቴ ግን አልቆመም፤ እንቅልፍ ውስጥ የሚቋረጥ ትንፋሽም ይህንኑ ሆርሞን እንደሚጎዳ ስላነበብኩ፣ ባለቤቴ ሌሊት ትንፋሼ ስንት ጊዜ ጸጥ እንደሚል እየቆጠረች በደብተሬ ላይ ትመዘግባለች፤ ደብተሩን ይዤ ሐኪሙ ጋ የምቀርበው በሚቀጥለው ሳምንት ነው።