የኳርክ ጥንዶችን ጋፕ በላፕቶፕ ማስላት፦ እኔ የሄድኩበት መንገድ

የቀለም ሱፐርኮንዳክቲቪቲ (በሱፐርኮንዳክተር ውስጥ እንዳሉ ኤሌክትሮኖች ኳርኮች ጥንድ ጥንድ የሚሆኑበት ሁኔታ፤ «ቀለም» የኳርኮች የክስ ዓይነት ነው) በተፈጥሮ ካለ፣ የሚጠበቅበት ቦታ የኒውትሮን ኮከብ እምብርት ነው። ስሌቱ ግን ሱፐር ኮምፒውተር አይጠይቅም፤ እኔ እዚህ አዳማ ላይ የሠራሁት ፓይተን በተጫነበት ተራ ላፕቶፕ ነው። በዚህ ርዕስ የማስተርስ ጽሑፍ ለመጀመር ላሰባችሁ፣ አካሄዴን ከነወጥመዶቹ ላስቀምጥ።

ከኪውሲዲ (የኳርኮችና የሚያያይዟቸው ግሉዎኖች መሠረታዊ ንድፈ ሐሳብ) በቀጥታ አልተነሳሁም። የላቲስ ስሌትን (ቦታንና ጊዜን በነጥቦች መረብ ከፍሎ የሚሠራውን) በከፍተኛ የባርዮን ጥግግት ላይ የምልክት ችግር (የሚደመሩት ቁጥሮች አዎንታዊ ብቻ ስላልሆኑ እርስ በርስ መጠፋፋታቸው) ያደናቅፈዋል። የፊዚክስ ሊቁ ሶን በ1999 ያወጣው የጋፕ (ጥንድ ለመስበር የሚያስፈልገው ኃይል መለኪያ) ቀመር ደግሞ አስተማማኝ የሚሆነው በየትኛውም ኮከብ ውስጥ ከሚገኘው እጅግ በላቀ ጥግግት ላይ ነው። ስለዚህ የናምቡ–ዮና-ላሲኒዮን ሞዴል (ኳርኮች ያለ ግሉዎን በአንድ ነጥብ ላይ በቀጥታ የሚገናኙበትን ቀለል ያለ ሞዴል) ወሰድኩ። ላምዳ (የሞመንተም ጣሪያ) 653.3 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት፣ የኳርክና ፀረ-ኳርክ ጥምርት (የመስተጋብሩ ጥንካሬ) 5.0163 ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት⁻²፣ የኳርክ ጥንድ ጥምርት (ጂዲ) የዚያው 0.75 እጥፍ፣ ሙ (የኳርክ ኬሚካል ፖቴንሻል) 400 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት። አፕና ዳውን ኳርኮች (ሁለቱ ቀላል «ጣዕሞች»፣ ማለትም የኳርክ ዓይነቶች) ክብደት እንደሌላቸው ተወስዷል። በዜሮ ሙቀት የሚፈታው ይህ ነው፦

1 = (4 × ጂዲ ÷ ፓይ²) × [ከ0 እስከ ላምዳ፣ የፒ² × (1/ኢ₋ + 1/ኢ₊) ኢንቴግራል]

ኢ₋ ማለት √((ፒ − ሙ)² + ዴልታ²) ነው፤ ኢ₊ ላይ በመቀነሱ ፈንታ ይደመራል። ፒ ሞመንተሙ፣ ዴልታ ጋፑ ነው። መልሱ 112.7 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ መምጣት አለበት። ካልመጣ ወደ ፊት አትሂዱ።

መልሱ ወደ 80 ከወረደ ኢ₊ ተረስቷል ማለት ነው። ብዙ ሰው የፀረ-ኳርኩን ክፍል ኢምንት ብሎ ይጥለዋል፤ ነገር ግን ከኢንቴግራሉ 16 በመቶ ያህሉን የሚይዘው እሱ ነው። ከእጥፍ በላይ ከዘለለ ደግሞ 4 በሚገባበት 6 ገብቷል፤ ሦስቱም ቀለሞች ተቆጥረዋል ማለት ነው። በዚህ ምዕራፍ (የቁስ ሁኔታ) የሚጣመሩት ሁለቱ ቀለሞች ብቻ ናቸው፣ ሦስተኛው ብቻውን ይቀራል። ጋፑ ለጥምርቱ መጠን በጣም ስሱ ስለሆነ ትንሽ የቆጠራ ስህተት በመልሱ ላይ ገዝፎ ይወጣል።

ኢንቴግራሉን ፒ ከሙ ጋር እኩል በሚሆንበት ነጥብ ላይ ለሁለት ከፍዬ፣ ለየክፍሉ 64 የጋውስ–ለዣንድር (የኢንቴግራል ማስሊያ ዘዴ) ነጥብ ሰጠሁ። ጥምርቱን እየቀነሱ ሲሄዱ ጋፑ ይጠብና በዚያ ነጥብ ላይ ሹል ጫፍ ይወጣል፤ እኩል ርቀት ያላቸው ነጥቦች ጫፉን ዘለው ያልፉታል። ሙቀት ስታስገቡ ታንኤችን (ሃይፐርቦሊክ ታንጀንትን) በቀጥታ ጥሩ፤ በኤክስፖነንሻል ከጻፋችሁት መጠኑ ከ709 ሲያልፍ ቁጥሩ ይፈነዳል። ጥንዶቹ የሚፈርሱበት ሙቀት ለጋፑ ሲካፈል ወደ 0.57 መጠጋቱን ማየት ጥሩ ማረጋገጫ ነው። (እያንዳንዱን ነጥብ እንደወጣ ፋይል ላይ ጻፉት። መብራት መች እንደሚጠፋ ለአዳማ ሰው አይነገርም።)

እስከዚህ ያለው የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ዋናው ጣጣ የኮከቡ ቁስ ከኤሌክትሪክም ከቀለምም ክስ ነጻ እንዲሆን ሲጠየቅ ይመጣል። ያኔ ዳውን ኳርክ ከአፕ ይበልጣል፤ የኬሚካል ፖቴንሻላቸውን ልዩነት ግማሽ «መዛባት» ልበለው። መዛባቱን ቋሚ አድርጋችሁ ብትፈቱ፣ ከ56 እስከ 113 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ባለው ክልል ውስጥ ሦስት መልስ ታገኛላችሁ፦ ዜሮ፣ 112.7 እና በመካከል አንድ። የመካከለኛው በግምት √(112.7 × (2 × መዛባት − 112.7)) ነው። የብሬንት ዘዴ (የእኩልታ መልስ መፈለጊያ) የሚሰጣችሁ በሰጣችሁት ወሰን ውስጥ ያጋጠመውን ነው፤ የትኛው እንደሆነ አይነግራችሁም።

ያዋጣኝ ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ነው። ለእያንዳንዱ ዴልታ መጀመሪያ ሁለቱን የገለልተኝነት እኩልታዎች ፈታሁ፣ ከዚያ በዚያው መስመር ላይ የኃይሉን ዝቅተኛ ነጥብ ፈለግሁ። መዛባቱ ቋሚ ሲሆን ጉብታ ላይ የሚቀመጠው የመካከለኛው መልስ በገለልተኝነት መስመር ላይ ሸለቆ ሊሆን ይችላል፤ ሾቭኮቪና ሁዋንግ ይህን በ2003 አሳይተዋል። መዛባቱ ከዴልታ ሲበልጥ ኢንቴግራሉን በሙ ± √(መዛባት² − ዴልታ²) ላይም መክፈል ያስፈልጋል፤ አለዚያ ውጤቱ ይንቀጠቀጣል።

ውጤት በምታወጡበት ሠንጠረዥ ላይ ዴልታ ለመዛባት ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር የራሱ ዓምድ ይኑረው። ከ√2 በታች ሲወርድ ከ4ኛ እስከ 7ኛ ያሉት ግሉዎኖች፣ ከ1 በታች ሲወርድ ደግሞ 8ኛውም የማይስነር ክብደታቸው (በቁሱ ውስጥ ከመግነጢሳዊ መከለል የሚያገኙት ክብደት) ምናባዊ ቁጥር ይሆናል። እኩልታው ቢፈታም ያ ምዕራፍ አይጸናም፤ በጽሑፋችሁ ላይ የመጨረሻ መልስ አድርጋችሁ አታቅርቡት።

ሱፐርፍሉዲቲ (ያለ ሰበቃ መፍሰስ) ለምትፈልጉ ደግሞ ይህ ኮድ አይበቃም። እስካሁን ባሰላነው የሁለቱ ጣዕም ምዕራፍ የባርዮን ቁጥር ሲሜትሪ በተሻሻለ መልክ ስለሚተርፍ፣ ቁሱ ሱፐርፍሉድ አይደለም። ሲሜትሪው የሚሰበረው አልፎርድ፣ ራጃጎፓልና ዊልቼክ ባቀረቡት ቀለምና ጣዕም በተቆላለፉበት ምዕራፍ ነው፤ የኮከቡ ሽክርክሪት አዙሪት የሚፈጥረውም እዚያ ነው። ለእሱ ስትሬንጅ ኳርክ (ሦስተኛውና ከባዱ ጣዕም) መጨመር፣ ሦስት ጋፕ መያዝና አንድ ተጨማሪ የቀለም ገለልተኝነት እኩልታ መፍታት ግድ ይላል። ከመጀመራችሁ በፊት የስትሬንጅን ክብደት ካሬ ለ2 ሙ አካፍሉት፦ ክብደቱ 250፣ ሙ 500 ከሆነ 62.5 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ይመጣል። ጋፑ ከዚህ ካነሰ ቁልፉ መላላት ይጀምራል።